የቀትር ሕልም ፍቺ

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1921 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ ዘቢደር፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉንፋን በቀር ደኅና ነኝ። እዚህ ዝናቡ አላባራም፤ ደራሽ ውሃ ከታች አንድ ድልድይ ወስዶ ባቡሩ አሥር ቀን ቆሞ ከረመ፤ የተንቀሳቀሰው ገና ትናንት ነው። ያ ካምሲን የሚሉት የናንተ ነፋስስ ለቀቀሽ ወይ? አቧራው ለደረትሽ እንደማይስማማ አውቃለሁ።

የጠየቅሽኝን ነገር ፈጽሜአለሁ። ስሙን በዚህ ደብዳቤ አልደግመውም፤ አንዴ ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል። በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ከመጋዘን ባልደረቦቼ ሁለቱን ሽማግሌ አድርጌ ዳኛ ፊት ቀረብኩ። ዳኛው «በምን ተጣላችሁ?» አለኝ። «አልተጣላንም» አልኩት። «ታዲያ?» ሲለኝ «እሷ ፈቅዳለች» አልኩ።

ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ወረቀቱ የሚጸናው አንቺ እዚያው ጅቡቲ ትሪቡናል በሚሉት የፈረንጆቹ ፍርድ ቤት ቀርበሽ «እፈቅዳለሁ» ስትዪ ነው። ቀኑ መስከረም 30 ነው፤ በነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 10 ይሉታል። እምቢ ካልሽ ወይም ከቀረሽ ወረቀቱ ይሰረዛል፤ ትዳሩም እንደነበረ ይቀጥላል። ግን ለምን ትቀሪያለሽ?

የስፌት መኪናው ያንቺ ነው። አልጋውም፣ ሳጥኑም፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ያንቺ ነው። እኔ የአባቴን ዳዊት ብቻ ለሚመጣ ሰው ብትሰጪልኝ ደስ ይለኛል። ካስቸገረሽ ግን ይቅር።

ባጠፋሁት ሁሉ ይቅር በይኝ።

ጋሻው


ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4፣ ጳጉሜ 3 ቀን 1921 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ጋሻው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉንፋንዎን እግዜር ይማርልዎ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ነፋሱም ለቋል። ሙቀቱ ግን እንዳለ ነው፤ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ከተማው በሙሉ ይተኛል፤ ፍየሎቹ እንኳ ግድግዳ ተጠግተው ዓይናቸውን ይከድናሉ።

ካንቱ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያው ድረስ እየሄድኩ ፖስታው ሲራገፍ ቆሜ አያለሁ። በመጨረሻ ያንቱ ደብዳቤ መጣ፤ ወፈር ያለ ነው። ደስ አለኝ፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ብቻዬን ላንብበው ብዬ ሰው ሁሉ እስኪተኛ ጠበቅኩ። ከፈትኩት። ማኅተም።

«ሚስት በገዛ ፈቃዷ ስለጠየቀች» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ነኝ የጠየቅሁት? መቼ? በየት በኩል? በምን አፌ? ውሸታም! የዳዊት ደጋሚ ልጅ ሆነህ ለዳኛ ትዋሻለህ? ሌላ ከያዝክ ያዝኩ በል፤ ወንድ አይደለህ? በኔ ላይ ምን ታላክካለህ! ሁለት ዓመት ሙሉ «ቤት እስካገኝ ጠብቂ» ስትለኝ ጠበቅኩ። ስትዛወር ያስቀመጥክበት ቦታ ተቀምጬ፣ የሰው ቀሚስ እየሰፋሁ ጠበቅኩህ። ዋጋዬ ይሄ ነው?

አንተ ብዬ ጻፍኩ። ይቅርታ። ልሰርዘው ነበር፤ ግን ገና አልበረደልኝም።

ጎረቤቴ ጀዋሪያ ሳለቅስ ያገኘችኝ ጊዜ ወረቀቱን ተቀብላኝ ለባሏ ለባሺር ወሰደችው፤ ያውቁታል፤ ትሪቡናሉ ውስጥ የሚያስተረጉመው ሐረሪ ነው። አንብቦ «እኛ ዘንድ ወንዱ ሦስቴ ፈታሁሽ ይልና ያልቃል፤ እናንተ ዘንድ ግን ሚስቲቱ ትጨርሳለች ማለት ነው» አለኝ። ልጨርሰው ወይ? ቆይ፣ አስብበታለሁ።

ዘቢደር


ድሬዳዋ፣ መስከረም 4 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለዘቢደር፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። አዲሱን ዓመት ከባልደረቦቼ ጋር ነው የዋልኩት፤ ዶሮ ታርዶ ነበር፤ እኔ ብዙም አልበላሁ።

ላልሽው ሁሉ በየተራ ልመልስ። ሌላ ሴት የለችም። ኖራም አታውቅም። ይህን መማል ካለብኝ በፈለግሽው ታቦት እምላለሁ።

ውሸታም ላልሽኝ ግን ማስረጃው ይኸውልሽ፤ ነሐሴ 19 የደረሰኝ ቴሌግራም ከደብዳቤው ጋር ተጣጥፎ አለ። አንቺው የላክሽው ነው፤ ስምሽ አለበት። አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ስለተጻፈ እኔ ማንበብ አልቻልኩም፤ የቴሌግራፉ ሠራተኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሰማ። «ፍቺ ቶሎ ይላኩ። ዘቢደር።» ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ሰላምታ እንኳ የለውም።

ጮክ ብሎ ሁለተኛ እንዳያነብብኝ ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። ዝናብ ነበር። የት የት እንደሄድኩ አላስታውስም። ለምን ብዬ ብጽፍልሽ ምክንያትሽን ትዘረዝሪልኛለሽ፤ እሱን ማንበብ ደግሞ አልችልም። እንደ ጨዋ የጠየቀችኝን ልስጣት አልኩ።

«አንተ» ያልሽኝን ይቅርታ አትጠይቂበት። አሥራ አንድ ዓመት አንቱ ስትዪኝ ኖረሽ፣ ያን ቃል ሳይ እጄን እላዩ ላይ አድርጌ ጥቂት ቆየሁ። ስድብ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ደስ አለኝ።

ጋሻው


ጅቡቲ፣ መስከረም 9 ቀን 1922 ዓ.ም.

ጋሻው!

ጉድ ነው! ኧረ የጉድ ጉድ ነው! ቴሌግራሙን ሳይ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ጀዋሪያ አበደች ብላ እየሮጠች መጣች። ቀጥዬ አለቀስኩ። አሁን ሁለቱንም ጨርሼ ነው የምጽፍልህ።

ያልኩህ የሕልም ፍቺ ነው! ሕልም አይቼ ነበር። ነሐሴ 11 ቀን ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩልህ፤ «ይህን ሕልም ለአለቃ አምሀ ይንገሩልኝና ፍቺውን ይላኩልኝ» ብዬ። ሕልም በመፍታት ከሳቸው የሚስተካከል እንደሌለ አንተው ነህ የነገርከኝ። ሳምንት ቆየሁ፤ መልስ የለም። ድልድይ መፍረሱን ማን ነግሮኝ! ጭንቅ ሲለኝ ፖስታ ቤት ሄድኩ። «ያየሁትን ሕልም ፍቺ ከአለቃ ጠይቀው ቶሎ ይላኩልኝ» ብዬ ነበር ያስጻፍኩት። ፈረንጁ ረዘመ፣ አሳጥሪው አለኝ። አሳጠርኩት። አሁንም አሳጥሪው አለኝ። ለባሌ ነው፣ ደብዳቤው ቀድሞ ደርሶታል፣ ይገባዋል ብዬ አሳጠርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? እኔ ልቅም አድርጌ አፈሰስኩት።

ያ ደብዳቤ እስካሁን ካልደረሰህ ሕልሙን እደግምልሃለሁ። ቀትር ላይ ነው ያየሁት፣ ያ የሙቀት እንቅልፍ ወስዶኝ። ባሕሩ የለም። ሸሽቶ ሄዷል። ወለሉ ጨው ነው፤ ማዶ እስካለችው ታጁራ ድረስ ነጭ። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ሰው ግን አንድም የለም። ከዚያ ባቡሩ መጣ። ሐዲድ የለውም፤ በጨዉ ላይ ቀስ እያለ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል። አንተ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠሃል፤ የመጋዘን ልብስህን ለብሰህ። አጠገብህ እየሄድኩ «ይውረዱ» እልሃለሁ። ባቡሩ ቀስ ያለ ስለሆነ ለመውረድ አንድ እርምጃ ነው። አንተ ግን አየኸኝና «ጣቢያዬ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አልክ። ባቡሩ እንደዚያው እየተሳበ ወደ ነጩ ገባ። ስነቃ ፊቴ ጨው ጨው ይላል፤ እንባ ይሁን ላብ አላውቅም።

እንግዲህ የጠየቅሁህ ይህን ነው። አሁን አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ፤ ሳቁ ካለቀ ወዲህ ከራሴ አልወጣ አለኝ። ሦስት ቀን። አሥራ አንድ ዓመት፣ መጀመሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ኋላም በባቡር መንገድ ተራርቀን በትዳር ኖረን፣ ከሦስት ቀን በላይ አልታገልክልኝም። «ለምን?» ብለህ አንዲት ቃል አልጻፍክም። ለምን?

ዘቢደር


ድሬዳዋ፣ መስከረም 15 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለውዷ ዘቢደር፣

ጠባዬን ታውቂዋለሽ፤ ሳቅ አይሆንልኝም፤ ደብዳቤሽን መጋዘን ውስጥ ሳነብ ግን ከከረጢቶቹ መሐል ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ዘግይቶ የነበረው ደብዳቤም በማግስቱ ደረሰ፤ ውሃ ገብቶበት ግማሹ ፈስሷል፤ «ጨው» የሚለው ቃል ግን ይነበባል።

መጀመሪያ ዳኛው ዘንድ ሮጥኩ። ነገሩን ሲሰማ ጸሐፊውን ጠርቶ ድገምለት አለኝ። ደገምኩ። ከዚያ ኮስተር ብሎ «የተጻፈ ተጽፏል፤ ማኅተም አርፎበታል። አሁን የሚያፈርሰው የሚስትህ ቃል ብቻ ነው» አለኝ። ስወጣ ሁለቱም ሲንከተከቱ በመስኮት ሰማኋቸው።

አለቃ አምሀ ዘንድም ሄድኩ። ሕልምሽን ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። ስጨርስ «ያየችው የት ሆና ነው?» አሉኝ። «ጅቡቲ።» «አንተስ የት ነህ?» «እዚሁ።» «ታዲያ ምን ፍቺ ያስፈልገዋል? ውረድ እንጂ!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ እናንተ ግን ሕልሙን ትታችሁ ትዳሩን ፈታችሁት» ብለው ሳቁብኝ።

ለምን ላልሽኝ እውነቱን ልንገርሽ። ልጅ አልወለድንም። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትዪኝ እምቢ ያልኩት ችግሩ ከኔ እንደሆነ ስለምጠረጥር ነው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ እኔ ሸምግያለሁ። ስለዚህ ያ ቃል ካንቺ ሲመጣ አላስገረመኝም። በየቀኑ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። ሲመጣ አመንኩት።

ሌላም የደበቅኩሽ አለ። ቤት ካገኘሁ ስምንት ወር ሆኖኛል። ሁለት ክፍል ነው፤ ደጁ ላይ የሎሚ ዛፍ አለ። ነይ ብዬሽ «እምቢ» ከምትዪኝ፣ ቤት አላገኘሁም እያልኩ ብኖር ይሻለኛል ብዬ ዝም አልኩ። ያንን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጽፌ እንደቀደድኩት እግዜር ያውቃል።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። መስከረም 30 አትሂጂ። ከሄድሽም እምቢ በይ። አደራሽን።

ያንቺው ጋሻው


ጅቡቲ፣ መስከረም 20 ቀን 1922 ዓ.ም.

ለጋሻው፣

ስምንት ወር!

ይኸን ቃል ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩና ወደ ባሕሩ ወጣሁ። ውሃው ገብቶ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ፀሐዩ ላዩ ላይ እየተርገበገበ። ታጁራ በጭጋግ ውስጥ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። እያየሁት እኔም አለሁ ወይ የለሁም እያልኩ ቆምኩ። ከዚያ ተመልሼ መጣሁ፤ አሁንም ያው ስምንት ወር ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር፤ ከሰው ጋር ላለመጣላት፣ ከኔም ጋር ላለመነጋገር። ነቀዘ እኮ፣ ጋሻው! ያንተ ዝምታ ነቅዞ ዱቄት ሆነ። ስለ ልጅ የጻፍከውን ግን ደግሜ አነበብኩት። ያን ሁሉ ዘመን ብቻህን ተሸክመኸው ኖረሃል? እኔ እኮ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ነበር ለታቦት የምሳለው። ጎን ለጎን ተኝተን ሁለታችንም ለየብቻ ስንሳል ኖርን።

ትሄጃለሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ ደግሞም አልጠየቅኸኝም፤ «አትሂጂ» ነው ያልከኝ። እሄዳለሁ። ባሺር ሥርዓቱን አስጠንቶኛል። ዳኛው ወረቀቱን ያነባል፤ ባሺር በአማርኛ ይነግረኛል፤ ከዚያ ዳኛው ይጠይቀኛል። ከፈቀድኩ «ዊ»፣ ካልፈቀድኩ «ኖን»። ጀዋሪያ ኖኑን በአፍንጫዬ እንድለው ስታለማምደኝ ትውላለች፤ ዊውን ማለማመድ አያስፈልግም ትላለች።

የትኛውን እንደምል ግን ለሷም አልነገርኳት። አትቀየመኝ። ስፌቱ በዝቶብኛል፤ ለሰርግ አራት ቀሚስ አለብኝ፤ መርፌውን እያየሁ አስባለሁ።

ዘቢደር


ድሬዳዋ፣ መስከረም 25 ቀን 1922 ዓ.ም.

ዘቢደር፣

ይህ ደብዳቤ ከቀኑ በፊት ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም። ቴሌግራም ልልክልሽ ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ አሳጥራለሁ? አሳጥረን የደረስንበትን አይተነዋል።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ መጋዘኑ በቡና ስለተጨናነቀ ከጥቅምት በፊት አይሆንም አሉኝ። ባይከለክሉኝ እመጣ ነበር። እንዲህ ስል ሁለት ዓመት አለፈ፤ አውቃለሁ።

ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቱ ሄጄ ደጁ ላይ እቀመጣለሁ። ትናንት አንቺ ከውስጥ ዕቃ ስታንኳኪ የሰማሁ መስሎኝ ዞርኩ። ጎረቤት ነበረች።

እምቢ በይ ብዬ አልደግምም። ምን እንደምትፈልጊ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬሽ ኖሬ እንኳ ይህን አላውቅም። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እውነት ስለሆነ ጻፍኩት። ፈርቻለሁ፣ ዘቢደር።

ጋሻው


ጅቡቲ፣ መስከረም 30 ቀን 1922 ዓ.ም.

ጋሻው፣

እንደምን ሰንብተሃል? ተቀመጥና አንብብ። ቆመህ እንዳታነበው።

ዊ አልኩ።

የመጨረሻው ደብዳቤህ ትናንት ደርሶኛል፤ ሳላነበው ያደረግሁት እንዳይመስልህ። ይዤው ነው የገባሁት። ስለማልወድህ እንዳይመስልህ ደግሞ፤ እወድሃለሁ፤ ይኸው በቀለም ጻፍኩት፣ አፌን ሞልቼ ብዬህ አላውቅም ነበር። ባሺር ደንግጦ «ዘቢደር፣ ዊ አልሽ እኮ! ኖን ነው በአፍንጫ የሚባለው!» አለኝ። «አውቃለሁ፣ ዊ በልልኝ» አልኩት። ጀዋሪያ እስካሁን አኩርፋኛለች።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ዳኛው ሽማግሌ ፈረንጅ ነው፤ በሙቀቱ ግማሽ እንቅልፍ ይዞታል፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ቀስ እያለ ይዞራል። ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለና ጠየቀኝ። ባሺር ዞር ብሎ በአማርኛ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? ይልሻል» አለኝ። ጋሻው፣ ይህን ጥያቄ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ስሜን አስተካክሎ መጥራት ከማይችል ሰው!

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር ሽማግሌዎችህ አባቴ ቤት ሲመጡ። እኔ ከጓዳ ሆኜ የእግራቸውን ኮቴ ነው የሰማሁት። እሺ ያለው አባቴ ነው፤ ሰማንያውን የፈረመው እሱ፤ ዋስ የጠራው እሱ። ስትዛወር ተቀመጪ አልከኝ፤ ተቀመጥኩ። ቤት አገኘህ፤ ትመጫለሽ ወይ አላልከኝም። ቴሌግራም ደረሰህ፤ ለምን አላልከኝም። አሁንም ያ ትዳር በስህተት እንደፈረሰ በስህተት ቢጠገን፣ ውስጡ ሆኜ እንደገና የምጠብቅ ይመስለኛል። ኖን ብል ኖሮ አባቴ ወዳስቀመጠኝ ቦታ መመለሴ ነበር። እኔ ወዳንተ መምጣት እንጂ ወዳንተ መመለስ አልፈልግም።

ስለ ልጁ ነገር ደግሞ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ። ልጅ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽህም። አንተን ግን ከሱ ጋር በሚዛን አስቀምጬህ አላውቅም።

ወረቀቱ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ቀትር ነበር፤ መንገዱ ላይ ማንም የለም፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ግንቡ ሁሉ ከብርሃኑ የተነሳ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የማንም ሚስት ሳልሆን፣ የማንም ልጅ ሳልሆን፣ እስከ ካርቲየ 4 ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አስፈራኝ። እግሬም ቀለለኝ።

እንግዲህ አሁን ፈት ሴት ነኝ። ከፈለግኸኝ ሽማግሌ ላክ። «ለማን? አባቷ ሞቷል፣ ወንድም የላት» ትል ይሆናል። የምትልከው ለእኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ደጄን አንኳኩተው ይግቡ፤ አልጋው ጫፍ ላይም ቢሆን ይቀመጡ፤ «ጋሻው የሚባል ሰው ዘቢደር የምትባለዋን ሴት ለትዳር ይፈልጋል» ይበሉኝ። እኔም እንደ ወጉ «ላስብበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» እላቸዋለሁ። ይመለሱ። ከጓዳ ሆኜ ኮቴ አልሰማም፤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነው የምመልሰው።

እሺ እንደምል አታውቅም። እኔም ገና አላውቅም። ጠይቀኝና አብረን እንስማው።

ዘቢደር